የጋሽ በሽር አሥራ አራት ደቂቃ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት የሰርግ ቀጠሮ ለመመዝገብ ነው። ዛሬ ግን ኮምፒዩተሩ እጄን አስሮ አስቀመጠኝ። ዝም ብዬ ግድግዳ ከማይ ብዬ ከኋላው ገጽ መጻፍ ጀመርኩ።

እሑድ የቀረጽኩትን ሰርግ ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር እየገለበጥኩ ነው። የእህል በረንዳው ነጋዴ ጋሽ በሽር ልጃቸውን ጠይባን ዳሩ። ሦስት ካሴት ሞልቷል። ማለዳ እንግዳ ሳይሰበሰብ ቤታቸው ደርሼ እንደ ልማዴ የድምፅ ሙከራ አደረግኩ። ሳሎኑ ውስጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ ጋሽ በሽርን ራሳቸውን «እስኪ እስከ አሥር ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው፤ ቆጠሩልኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው እንደማንኛውም ሰርግ ነው፤ መኪናው፣ ጭፈራው፣ ምግቡ፣ የሙሽራ እንባ።

ሦስተኛው ካሴት ላይ ስደርስ ስክሪኑ ላይ ያለችው የመዳፊቱ ቀስት ጠፋችና ያቺ የምትገለባበጥ የአሸዋ ሰዓት መጣች። «ቆይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ማለቷ ነው። ቆየሁ። ታች ወርጄ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። አሁንም ሥራ ላይ ናት። ሱቄ ባለበት ዱባይ ተራ ውስጥ እንደ እሷ ሥራ የበዛበት አላየሁም።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ሃርድ ዲስኩ ሞልቷል ለካ! አሸዋዋ ቦታ አጥታ ነው የምትገለባበጠው። ስለዚህ ቦታ ማስለቀቅ ነው።

እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምቆርጠው የሽማግሌ ምርቃት ነው። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ፤ «ምርቃቱ የት ገባ?» ብሎ የተመለሰ ሰው የለም። ጭፈራው ካለ፣ ኬኩ ካለ፣ መኪናው ካለ ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል። የጋሽ በሽር ዱዓ አሥራ አራት ደቂቃ ነው። ልጅቷ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ፣ እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው፣ ቤት ሙሉ ሰው «አሚን» እያለ። ካሜራው አይንቀሳቀስም። አሥራ አራት ደቂቃ ሙሉ አንድ ሽማግሌ ማን ያያል?

አጠፋሁት። ከኮምፒዩተሩ ቆሻሻ ቅርጫትም አራገፍኩት። ሦስቱንም ካሴት ለፊታችን እሑድ ሰርግ መልሼ አጠነጠንኳቸው። እኔ ዘንድ ካሴት አያርፍም።

ቀስቷ ተመልሳለች። ወደ ጭፈራው ልግባ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ተመልሳ መጣች። ደስታዬ አራት ቀን ነው የቆየው።

መብራት በፈረቃ ሆኗል፤ በሰጡኝ ሰዓት ደግሞ አሸዋዋ ትበላብኛለች። አጥፍቼ አበራሁ። ገመዱን ሁሉ ነቅዬ ሰካሁ። ስታብላይዘር ቀየርኩ። ማሽኑ ሲነካ እንደ ምድጃ ይግላል። ከጎኔ አልጋ ልብስና ዳንቴል የምትሸጠው እታገኝ ብቅ ብላ «አቧራ ነው ጎበዜ፤ በደንብ ሸፍነው» አለችኝ። አምና ራሷ በኪሮሽ የሠራችልኝ ዳንቴል ከላይ እስከ ኋላው ድረስ ያለብሰዋል። ከሥሩ ደግሞ የፋብሪካው ላስቲክ ገና አልተነሳም። ከዚህ በላይ እንዴት ይሸፈናል? እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ጋሽ በሽር ራሳቸው መጡ። ከእህል በረንዳ እስከዚህ፣ በዚያ ሁሉ ግፊያ፣ በእግራቸው። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ ትንፋሽ አጥሯቸው ስለነበር ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። ትከሻቸው ላይ የጤፍ ብናኝ ነበር።

«ደረሰ ልጄ?»

«ትንሽ ይቀረዋል ጋሼ።»

ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩት። «ይቺ ምንድን ናት የምትገለባበጠው?»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ጠብቁኝ ማለቷ ነው።»

በጣም ሳቁ። «ብልህ ናት ወላሂ! ደንበኛ ሲያጣድፈኝ እኔም እንዲህ ያለች ነገር ግንባሬ ላይ በለጠፍኩ!» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጭፈራውን ብዬ አይደለም የመጣሁት። ያን ዱዓ ሳደርግላት እንባ ቀደመኝና ምን እንዳልኩ አላውቅም። ባለቤቴ ጠሂራ ጥሩ ነበር ትለኛለች፤ ምን ምን እንዳልኩ ግን እሷም አልያዘችውም። አንተ ጋ ቁጭ ብዬ ልስማው ብዬ ነው።»

«ይደርሳል ጋሼ» አልኳቸው።

«አብሽር፣ አልቸኩልም» ብለው ወረዱ።

ምን ልበላቸው? «ቆርጬ ጣልኩት» ይባላል? ቪዲዮውን ሲያገኙ ጭፈራው ይዟቸው ይረሱታል። ሰው ሁሉ ይረሳል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

በዓል ነው፣ ሱቅ ዝግ ነው። ቤት ተኝቼ እታገኝ ደወለች። ጋሽ በሽር ዛሬ ጠዋት ሱብሂ ሰግደው እዚያው እንደተቀመጡ አረፉ። ልባቸው ነው ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ሱቅ ከፈትኩ። ምንም አልሠራሁም። ሳምንት ሙሉ ይጠብቁኝ ነበር ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ለቅሶ ደረስኩ። እንዳልታይ በር አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት። ባለቤታቸው እትዬ ጠሂራ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አዩኝና አስጠሩኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ድምፁ አንተ ጋ ነው ልጄ። እኛ ጋ ምንም የለም። ፎቶ እንኳ መነሳት አይወድም ነበር። ሰኔ 29 አርባው ነው፤ ሰደቃ እናወጣለን፤ ዘመድ ሁሉ ከወሎ ይመጣል። ያን ለጠይባ ያደረገውን ዱዓ እናሰማቸዋለን።»

«እሺ እትዬ» አልኩ።

እሺ! አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሮጠው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ምን ብለው እንደነበር ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው። እኮ እኔ ከሳቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ! በዓለም ላይ እንደ እኔ ቀርቦ የሰማቸው የለም። የማስታውሰው ምንድን ነው? የባትሪው መብራት ቀይ መሆን መጀመሩን። ቢጫ የለበሰች ሴት ፊቴ ስትደቀን መናደዴን። «ልጄ፣ እንደ ጤፍ…» ብለው አንድ ነገር ማለታቸውን። እንደ ጤፍ ምን? ያብዛሽ? ይባርክሽ? ይሄ እንኳ ጠፋኝ። ጆሮዬ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ነበር፤ የምሰማው ድምፁ ጥራት እንዳለው ነው እንጂ የሚሉትን አልነበረም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ጠይባ መጣች። ጥቁር ሻሽ አድርጋለች። ጥፍሯ ላይ ያለው የሰርጓ ሂና ገና አልለቀቀም።

«ጎበዜ፣ የት ደረሰ?»

ወደ ስክሪኑ አሳየኋት። «ኮምፒዩተሩ ነው። አየሽ፣ አልንቀሳቀስም ብሏል።»

አልዋሸሁም፤ አሸዋዋ እዚያው ነበረች። ጠይባ አጠገቤ ቆማ ግማሽ ሰዓት ያህል አብራኝ ስትጠብቅ ቆየች። አንዴም አላማረረችም። ከዚያ «ነገ እመጣለሁ» ብላ ሄደች።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸዋዋ በመምጣቷ ደስ አለኝ። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

እስካሁን የሞከርኩት፦ የቫይረስ ማጽጃ አስገባሁ፤ አሥራ አንድ ቫይረስ ገደለ፤ ለውጥ የለም። ሙዚቃ የሞላባቸው ሁለት ማኅደሮች አጠፋሁ፤ ትንሽ ተሻላት፣ ከሰዓት በኋላ ባሰባት። ራም የሚባለውን ካርድ አውጥቼ በላጲስ ጠርጌ መለስኩት፤ ምንም። ጠዋት ጠዋት ደህና ትሆናለች፤ ሲረፍድ ማሽኑ ይግልና አሸዋዋ ትቀመጣለች።

አንድ ነገር ደርሼበታለሁ። ሦስት ፕሮግራም አንድ ላይ ከከፈትኩ አሸዋዋ ወዲያው ትመጣለች። ደረጃው ላይ የሴት ኮቴ ስሰማ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቻቸዋለሁ። ለሙከራ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ጠይባ መጣች። አሸዋዋ ነበረች። ሄደች።

ከእታገኝ ሱቅ የሚለየን ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ስለሆነ የምትለው ሁሉ ይሰማኛል። ለአንዲት ደንበኛዋ እንዲህ አለች፦ «ጎበዜን ነው? እሱ የተበላሸ ነገር አይጠግንም፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያለቅስለታል እንጂ። እዚህ ሕንፃ ላይ ስንት ኮምፒዩተር ሠሪ እያለ አንዱን አይጠራም።»

ለምን እንዳልጠራሁ ምን ታውቃለች! ሰው ሥራ ይበዛበታል።

ማሽኑ ፈጽሞ ቢቃጠል ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር። «ተቃጠለ» ማለት ነው። ማንም ሰው ይረዳዋል። መብራቱ በዚህ ዓይነት ሲሄድ ሲመጣ የስንቱ ተቃጥሏል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠይባ ብቻዋን አልመጣችም። ታች ምድር ቤት ኮምፒዩተር የሚጠግነውን ሁዛይፋን ይዛው ወጣች። ራሷ ለምናው ነው። ሁዛይፋ ገና በሩ ላይ ሆኖ ማሽኑን ሲያይ ሳቁን ለቀቀው።

«ጎቤ! ይሄ ኮምፒዩተር ነው ሙሽራ? ቬሎ አልብሰኸው እኮ ነው! ላስቲኩን እንኳ አላወለቅክለትም!» ዳንቴሉን ገፈፈው፤ ላስቲኩን ቀደደው፤ የኋላውን ማራገቢያ በጣቱ ነካው። ማራገቢያው በአቧራና በበርበሬ ብናኝ ተደፍኗል፤ ሦስታችንም አስነጠሰን። «አፈንከው ወንድሜ። የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ነው የሸፈንከው። ሲግል ይደነዝዛል፤ ሲደነዝዝ ያቺን ይልክልሃል።»

እታገኝ ከበሩ ላይ ሰምታ ዳንቴሏን ተቀብላ ሄደች። ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

ሁዛይፋ ውስጡን ነፍቶ አጸዳው። ከዚያ አበራውና ዲስኩን አየው። «ይሄ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፋይሉ እዚህም እዚያም ተበታትኗል። እሰበስበዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ጥይት ነው።» እጁን መዳፊቱ ላይ አድርጎ ዞር አለና አየኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከዚህ ላይ አጥፍተኸው የምትፈልገው ነገር አለ? ካለ አሁን በለኝ። ሳልነካው ልፈልግልህ እችላለሁ፤ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ይሄን ካስነሳሁት በኋላ ግን በላዩ ላይ ይጻፍበታል፤ ያለቀለት ነው።»

ጠይባ አጠገባችን ቆማ ነበር። ሻሿን እያስተካከለች።

«የለም» አልኩት።

አስነሳው። በስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ቁርጥራጮች መደርደር ጀመሩ። ቀዩ እያነሰ፣ ሰማያዊው እየበዛ። ሁዛይፋ ወደ ሱቁ ወረደ። ጠይባ «አላህ ይስጥህ ጎበዜ» ብላኝ ሄደች። እኔ እስኪያልቅ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብዬ አየሁ። መሰኪያው ከእጄ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። መንቀል ይቻል ነበር። የመጨረሻው ቀይ ሲጠፋ ቀስቷ መጣች።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ማሽኑ እንደ አዲስ ነው። የነካሁት ሁሉ ወዲያው ይከፈታል። አሸዋዋ አንዴም አልመጣችም። ቀኑን ሙሉ ቀስቷ ብቻ፣ ዝም ብላ የምሠራውን እየጠበቀች።

እታገኝ አላናገረችኝም። ስትወጣ ግን በሩ ላይ ቆም ብላ «አሁን ደግሞ ምን ልትል ነው?» አለችኝ። ስለ ዳንቴሉ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ሁዛይፋ ጋ ወርጄ ሻይ ጋበዝኩት። እንደ ቀልድ «አንድ ሰው አጥፍቶ ከረሳውና ያ የመሰብሰብ ሥራ ከተሠራ…» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰኝም።

«አንተ ነህ ሰውየው?»

«አይ፣ አንድ ጓደኛዬ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠው። «ለጓደኛህ ንገረው፤ ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ ከአሥር ስምንቱን አገኝለት ነበር። አሁን የለም።» ከዚያ ሻዩን ሳይጨርስ ወደ ሥራው ዞረ።

ካሴቶቹን አንድ በአንድ አጠንጥኜ አየሁ። የጋሽ በሽር ዱዓ የነበረበት ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ትከሻ ይመታሉ። የካሴቱ ጫፍ ላይ ሁለት ደቂቃ ከድሮው ተርፏል፤ ቶሎ አጫወትኩት። ባዶ ወንበር የሚደራርቡ ልጆች ናቸው። እንግዳው ሁሉ ሄዷል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሉ ነበር አባቴ። የእኔ ስንቅ ለምን እንደሚከብድ እንጃ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ልጻፈው፣ ከደብተር በቀር የሚሰማኝ የለም። ዛሬ የሌላ ሽማግሌ ምርቃት ፈልጌ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ከላዩ ላይ «አሚን» እና ጫጫታ አድርጌ፣ ምስሉን ከሩቅ… ያለቀሰ ሰው አያጣራም ብዬ ነው።

አንድም አጣሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቆርጬ ቆርጬ፣ ለማጭበርበሪያ የሚሆን አንድ የሽማግሌ ምርቃት እንኳ አላስቀረሁም። ሳቄ መጣ። ብቻዬን ጮክ ብዬ ስስቅ እታገኝ ግድግዳውን መታችው።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

አራት ቀን ቀረ። ጠይባ ደውላ «አለቀ አይደል? ሁዛይፋ ተሠርቷል አለኝ» አለች። «እሺ» አልኳት። ምኑ ነው እሺ?

እጄ እረፍት ስላጣ ማሽኑን ማጽዳት ጀመርኩ። ሁዛይፋ የሰበሰበውን ማኅደር እየከፈትኩ የማይረባውን ሁሉ መጣል። አንዱ ማኅደር «ሙከራ» ይላል። በየሰርጉ ጠዋት የምቀርጻቸው የድምፅ ሙከራዎች ናቸው፤ የካሴቱ መጀመሪያ ላይ ስላሉ ስገለብጥ አብረው ይገባሉ፤ እየቆረጥኩ ስጥላቸው ማንም ሳያያቸው እዚያ ይከማቻሉ። መቶ ምናምን ናቸው። ሁሉንም መርጬ ማጥፊያውን ስጫን ማሽኑ «ይጥፉ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ»ው ላይ ነበርኩ። ጣቴ መዳፊቱ ላይ ነበረች።

የሚያዝያ 26ቱን፣ የጠይባን ሰርግ ማለዳ፣ አየሁት።

አርባ ሰከንድ ነው። አየሁት። ከዚያ ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ፤ እስከ ጎጃም በረንዳ ድረስ ሄጄ የት እንደምሄድ ሳላውቅ ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ያቺን አርባ ሰከንድ ሲዲ ላይ ገለበጥኳት። ከዚያ ለእታገኝ ነገርኳት። ሁሉንም። ገና ሳልጨርስ «አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ኮምፔንሳቶ ነው እኮ ጎበዜ። ያን ዕለት ሁዛይፋ ሲጠይቅህና አንተ ስትመልስ ሰማሁ። ድምፅህን አውቀዋለሁ።» የያዘችውን አልጋ ልብስ አጣጥፋ ጨረሰች። «ነገ እንግዳ ሳይሰበሰብ ቀድመህ ሂድ። እዚያ ሰው መሀል አይደለም የምትነግራቸው። ሲዲውን አሳይተህ አይደለም ደግሞ፤ መጀመሪያ ንገራቸው።»

እሑድ፣ ሰኔ 29

ማለዳ አንድ ሰዓት ደረስኩ። ያው ሳሎን ነው። ፍራሽ ተነጥፏል፤ ጓሮ ትልልቅ ድስቶች ተጥደዋል። እትዬ ጠሂራና ጠይባ ብቻ ነበሩ። ቁጭ በል አሉኝ፤ እንደቆምኩ ነገርኳቸው። ግንቦት 1 ቀን ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ ዱዓውን እንዳጠፋሁት። ካሴቱ ላይም ሌላ ሰርግ እንደቀረጽኩበት። ጋሽ በሽር ራሳቸው መጥተው ሲጠይቁኝ እንደደበቅኳቸው። 

እትዬ ጠሂራ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጠይባ ግን ቀስ ብላ ታሰላ ነበር።

«ሁዛይፋ ሲጠይቅህ… ‘ይገኛል’ ሲልህ… እኔ አጠገብህ ቆሜ ነበር።»

«አዎ።»

«‘የለም’ አልከው።»

«አዎ።»

«በየቀኑ እመጣ ነበር። ያቺን ስትገለባበጥ አብሬህ ቆሜ አይ ነበር።» አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ማሽኑ ነው ብዬ ለማሽኑ ዱዓ አደርግ ነበር፣ ጎበዜ።»

 ይቅርታ አልኩ፤ አንሶ ወጣ። ከዚያ ሲዲውን አወጣሁ። «ዱዓው አይደለም» አልኩ። «ሌላ ነው። ትንሽ ነው።» ማንም እሺ ሳይለኝ ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩት።

ጋሽ በሽር እዚሁ ሳሎን፣ እዚሁ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። አዲሱን ነጭ ጀለብያቸውን ለብሰዋል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ሰባት ላይ ቆም ይላሉ። ካሜራውን ትተው ከካሜራው ጀርባ ያለሁትን እኔን ያያሉ።

«ቁርስ በልተሃል?»

የእኔ ድምፅ፦ «በልቻለሁ ጋሼ፣ ይቁጠሩልኝ።»

«አልበላህም። ዓይንህ ይናገራል።» አንገታቸውን ወደ ጓዳው ያዞራሉ። «ጠይባ! ለዚህ ልጅ የሚቀምሰው ስጡት! ሳይበላ ሥራ የለም።»

ከጓዳ የሙሽራዋ ድምፅ፣ ሳቅ ሳቅ እያለው፦ «እሺ አባ፣ መጣሁ!»

«ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ይበቃሃል?» ይላሉ፤ ያበቃል።

እውነትም አልበላሁም ነበር። ሳህኑ መጥቶልኝ ነበር፤ ባትሪ ስሞላ ሳልነካው መኪናው ደረሰ።

እትዬ ጠሂራ «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ስጀምር ጠይባ ተነሳች፤ «እሺ አባ» የሚለው ጋ ሳይደርስ ወደ ጓሮ ወጣች። አልተመለሰችም። ዛሬ ይቅር እንዳላለችኝ አውቃለሁ፤ ነገም አትልም ይሆናል።

እኔም ልሄድ ተነሳሁ። እትዬ ጠሂራ ዓይናቸውን ሳይጠርጉ ወደ ጓዳ ገብተው በሳህን ትኩስ ፍርፍር ይዘው ወጡ፤ ጋሽ በሽር የተቀመጡበት ፍራሽ ፊት አስቀመጡት።

«ብላ» አሉኝ።

«በልቻለሁ» ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት፤ ቁጭ ብዬ በላሁ።